አናቶሚና ፊዚዮሎጂ በባዶ ወረቀት

ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ስወስድ ከ100 ያገኘሁት 41 ነበር። ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። ምዕራፉን አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በሦስት ቀለም አስምሬበታለሁ። ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን አጥንት፣ ሁመረስን፣ ክፍሎቹን በሙሉ በተርታ እወጣቸው ነበር። መምህራችን ግን አጥንቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «የቀኝ ነው የግራ?» አገላብጬ አየሁት። ስሞቹ ሁሉ አፌ ላይ ናቸው፤ አጥንቱ ግን እጄ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ይህንኑ ትምህርት ማስተማር ከጀመርኩ አሁን 14 ዓመት ሆኖኛል። በየሴሚስተሩ እንደዚያን ጊዜዋ እኔ ያለች ተማሪ ክፍሌ ውስጥ አገኛለሁ። ቸካይ ናት። ደብተሯ የተሟላ ነው። ሌሊቱን ታነባለች። ውጤቷ ግን ከድካሟ ጋር አይገናኝም። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሷ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ።

መጽሐፉን ዝጉት

ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። ሦስተኛ ጊዜ ስታነቡት ገጹን ዓይናችሁ ለምዶታል። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ትላላችሁ። ያወቃችሁት ግን ገጹን እንጂ ልቡን ወይም ኩላሊቱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንን በተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን ጽሑፉን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘግተው የጻፉት በሰፊው በለጡ። የእናንተ ፈተና ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

ስለዚህ ዋናው የጥናት ዕቃችሁ ባዶ ወረቀት ይሁን። እንዴት እንደሆነ በልብ ላሳያችሁ።

ስለ ልብ ያለውን ክፍል አንድ ጊዜ በጥሞና አንብቡ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና ወረቀቱ ላይ አንድ ትልቅ ሳጥን ሥሩ። ሳጥኑን በመስቀል አራት ቦታ ክፈሉት። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ እኔ እስከ ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምሥለው ልብ አራት ማዕዘን ነው። ከላይ ያሉት ሁለቱ ኤትሪየም፣ ከታች ያሉት ሁለቱ ቬንትሪክል ናቸው። አሁን አንድ የደም ጠብታ ከእግር ጣት ተነሥታ ወደ ልብ እየመጣች ነው እንበል። በእርሳስ ተከተሏት። በታችኛው ቬና ካቫ፣ ከታች ወደ ልብ በሚመጣው ትልቅ የደም ሥር፣ ወደ ቀኝ ኤትሪየም ገባች። በትራይከስፒድ ቫልቭ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚዘጋው በር፣ ወደ ቀኝ ቬንትሪክል ወረደች። በፐልሞናሪ ቫልቭ ወጥታ በፐልሞናሪ አርተሪ ወደ ሳንባ ሄደች። በፐልሞናሪ ቬይን ወደ ግራ ኤትሪየም ተመለሰች። በማይትራል ቫልቭ ወደ ግራ ቬንትሪክል፣ በአኦርቲክ ቫልቭ ወደ አኦርታ፣ ከልብ ወደ ሰውነት ወደሚወጣው ዋናው የደም ሥር። እየሣላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። የት ላይ እንደምትቆሙ ልብ በሉ። የቆማችሁበት ቦታ የማታውቁት ቦታ ነው፤ ስታነቡ ግን ዓይናችሁ በላዩ አልፎት ነበር።

ሲያልቅ መጽሐፉን ክፈቱና ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርሙ። ወረቀቱን ጣሉት። በማግስቱ እንደገና ከባዶ ጀምሩ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ቀይ በቀይ ቢሆን አትደንግጡ። መማሩ ያለው እዚያ ቀይ ላይ ነው።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያደናቅፋል። አንደኛው ቀኝና ግራ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ቀኝ የተሣለው ሰው ቀኝ እንጂ የእናንተ አይደለም። ስለዚህ ቀኝ ኤትሪየም ከወረቀቱ በግራ በኩል ይወድቃል። ግራ ሲገባችሁ ወረቀቱን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ደረታችሁ ላይ ለጥፉት፤ ወዲያው ቦታውን ይይዛል። ሁለተኛው ደግሞ «አርተሪ ማለት ኦክስጅን ያለው ደም የሚሄድበት ነው» የሚለው ነው። ከልብ የሚወጣው ሁሉ አርተሪ ነው፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ሁሉ ቬይን ነው። ስሙ የወጣለት በአቅጣጫው ነው። ፐልሞናሪ አርተሪ የሚሸከመው ኦክስጅኑ ያነሰውን ደም የሆነው ለዚህ ነው።

ሥዕሉ ሳይታይ ሲመጣላችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። አናቶሚና ፊዚዮሎጂን አንድ ላይ የሚያስተምሩን በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅርጹ ሥራውን ይናገራል። የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ ከቀኙ በሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ለምን? ተማሪዎቼን «ታዲያ በአንድ ምት ብዙ ደም የሚረጨው የትኛው ነው?» ስላቸው አብዛኞቹ «ግራው» ይላሉ። አይደለም። ሁለቱም የሚረጩት እኩል ነው፤ ዕረፍት ላይ ባለ አዋቂ ሰው 70 ሚሊ ሊትር አካባቢ። የግራው ግድግዳ የወፈረው ብዙ ደም ስለሚረጭ ሳይሆን በከፍተኛ ግፊት ስለሚረጭ ነው። ቀኙ የሚልከው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፤ ግራው ግን ከራስ ቅል እስከ እግር ጥፍር ያዳርሳል።

እኩል ባይሆንስ? ቀኙ በእያንዳንዱ ምት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ ቢያስበልጥ ብላችሁ አስሉት። በደቂቃ 70 ጊዜ ከመታ 350 ሚሊ ሊትር ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህን ስሌት አንዴ በእጁ የሠራ ተማሪ የግራ ልብ ሲደክም ሰው ለምን ትንፋሽ እንደሚያጥረው ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። እንዲህ ዓይነቱን ሰዓት በጣም እወደዋለሁ።

ሞዴሉን ይዛችሁት ነው የምትዞሩት

የፕላስቲክ ሞዴል ጥሩ ነው። ግን ላብራቶሪው ማታ ይዘጋል፤ ሰውነታችሁ አይዘጋም። አንድ መዋቅር በተማራችሁ ቁጥር ራሳችሁ ላይ ፈልጉት።

ፊታችሁን ወደ ግራ አዙሩና በቀኝ በኩል አንገታችሁን ዳስሱ። ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ደረት መሃል የሚወርድ ገመድ የመሰለ ጡንቻ ይወጣል። ስተርኖክላይዶማስቶይድ ይሉታል። ስሙ የሚያስፈራው እስኪፈታ ድረስ ነው፤ ስተርነም የደረት መሃል አጥንት፣ ክላይዶ ከትከሻ ወደ ደረት የሚመጣው አጥንት፣ ማስቶይድ ከጆሮ ጀርባ ያለው ጉብታ። ስሙ ራሱ ጡንቻው የተያያዘባቸው ቦታዎች ዝርዝር ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ ወደ ግራ ስትዞሩ የሠራው የቀኙ ነው።

ባይሴፕስ ምን ይሠራል ብላችሁ ሰው ብትጠይቁ «ክንድ ያጥፋል» ይላችኋል። ክርናችሁን ወደ 90 ዲግሪ አጥፋችሁ በሌላው እጃችሁ ባይሴፕሱን ያዙት። አሁን ክርናችሁን ሳታንቀሳቅሱ መዳፋችሁን ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ አዙሩ። ወደ ላይ ሲዞር ጠንከር ሲል ይሰማችኋል። መዳፍን ማዞርም ሥራው ነው። ይህንን በጽሑፍ አሥር ጊዜ ከማንበብ አንድ ጊዜ መያዝ ይሻላል።

ክርናችሁ ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝራችሁን ታውቁታላችሁ። የተነካው አልናር ነርቭ ነው። በክርን ውስጠኛ ጎን ካለው የአጥንት ጉብታ ኋላ ቆዳ ስር ብቻ ሆኖ ያልፋል። የሚነዝረው ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት አካባቢ መሆኑ የነርቩን ካርታ ያስተምራችኋል። አውራ ጣታችሁ ለምን አልነዘረም? መልሱን ፈልጉት።

ከሁሉ የምወደው ግን የእንግሊዛዊው ሐኪም የዊሊያም ሃርቪ ሙከራ ነው። ሃርቪ ደም እንደሚዘዋወር ያስረዳበትን ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1628 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የታመነው ደም ጉበት ውስጥ ተሠርቶ አካላት ውስጥ ያልቃል የሚለው የጥንቱ ሐኪም የጌለን ትምህርት ነበር። ሃርቪ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱን ያለ ምንም መሣሪያ ትደግሙታላችሁ። እጃችሁን ወደ ታች ለቀቅ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ። ክንዳችሁ ላይ ወይም የእጃችሁ ጀርባ ላይ ጎልቶ የወጣ ቬይን ምረጡ። በአንድ ጣት ወደ ጣቶቻችሁ በሚቀርበው በኩል ተጫኑት። በሌላ ጣት ከዚያው ነጥብ ጀምራችሁ ደሙን ወደ ክርን አቅጣጫ ግፉት። ሁለተኛውን ጣት አንሡ። የተገፋበት ቦታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ደሙ ከላይ ተመልሶ አይወርድም፤ ቫልቩ ይዞታል። አሁን የመጀመሪያውን ጣት አንሡ። ወዲያው ከታች ይሞላል። አቅጣጫው ወደ ልብ ብቻ ነው። በሁሉም ሰው እጅ ላይ እኩል አይታይም፤ ካልታየ የጓደኛችሁን እጅ ሞክሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንገት ላይ ያለውን የካሮቲድ ምት ስትፈልጉ በቀስታ፣ በአንድ በኩል ብቻ ዳስሱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጫኑ።

ስለ ስሞች

ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ እውነት ነው። ግን ሁለት መቶ ስም ከመሸምደድ ሠላሳ ሥር ማወቅ ይቀላል። ኢንተር ማለት በመካከል፣ ኮስታ ማለት ጎድን አጥንት። ኢንተርኮስታል የጎድን አጥንቶች መካከል ነው። ማዮ ጡንቻ፣ ካርዲ ልብ። ማዮካርዲየም የልብ ጡንቻ ነው። ሃይፐር ሲበዛ፣ ሃይፖ ሲያንስ። አዲስ ቃል ሲመጣ ቆራርጡት። ለተቀረው ትንንሽ ካርዶች ሥሩ፤ ፊት ለፊት ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ። ካርዱን የራሳችሁ እጅ ይጻፈው።

ፊዚዮሎጂ የቀስት ትምህርት ነው

አናቶሚ ላይ የጎበዘ ተማሪ ፊዚዮሎጂ ላይ ሲወድቅ ብዙ አይቻለሁ። ምክንያቱ ሁለቱን በአንድ ዓይነት መንገድ ማጥናቱ ነው። ፊዚዮሎጂ የስም ዝርዝር አይደለም። «ይሄ ሲጨምር ያኛው ምን ይሆናል?» ነው። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ሥዕል ሳይሆን ቀስት ይብዛ።

አንዱን አብረን እንሥራ። አምስት ደቂቃ ተጋደሙ። የልብ ምታችሁን አንጓችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩና ጻፉ። ቀስ ብላችሁ ተነሡና ወዲያው 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት አባዙት። አብዛኛውን ጊዜ ጨምሮ ታገኙታላችሁ። አሁን ምክንያቱን በቀስት ጻፉት። ቆማችሁ፣ ደም በክብደቱ ወደ እግር ወረደ። ወደ ልብ የሚመለሰው ቀነሰ። በአንድ ምት የሚረጨው ቀነሰ። የደም ግፊት ቀነሰ። አንገት ላይ ባለው ካሮቲድና በአኦርታ ቅስት ላይ ያሉት ባሮሪሰፕተሮች፣ ግፊትን የሚሰሙት የነርቭ ጫፎች፣ የሚልኩት ምልክት ቀነሰ። የአንጎል ግንድ ልብን የሚያፈጥነውን ሲምፓቴቲክ ነርቭ ጨመረ፣ ልብን የሚያዘገየውን ቬገስ ነርቭ ቀነሰ። ልብ ፈጠነ፣ የደም ሥሮች ጠበቡ። ግፊቱ ተመለሰ።

ከቀስቶቹ አንዱ ላይ በየዓመቱ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ግፊት ሲቀንስ ባሮሪሰፕተሩ ብዙ ምልክት ይልካል» ይላሉ፣ ማንቂያ ደወል ስለሚመስላቸው። የተገላቢጦሽ ነው። የሚሰማው የግድግዳውን መለጠጥ ነው። ግፊት ሲቀንስ ልጥጡ ይቀንሳል፣ ምልክቱም ይቀንሳል። አንጎል ዝምታውን ነው የሚያነበው።

ሌላ ጥያቄ። ደረታችን የሚሰፋው አየር ስለገባ ነው? ወይስ አየር የሚገባው ደረታችን ስለሰፋ? ከማንበባችሁ በፊት መልሳችሁን ያዙ። ፊኛ ስንነፋ ስላየን የመጀመሪያው ትክክል ይመስላል። ግን ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ተኮማትሮ ይወርዳል፣ የጎድን አጥንቶች ይነሣሉ፣ ደረት ይሰፋል፣ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው በትንሹ ያንሳል፤ ከዚያ ነው አየር የሚገባው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ተማሪ የደረት ግድግዳ ሲበሳ ሳንባ ለምን እንደሚጨማደድ ሊገባው አይችልም።

ቁጥሮችንም ጥያቄ አድርጓቸው። ኩላሊቶቻችን በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራሉ። የምንሸናው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ቀሪው የት ሄደ? የሰውነታችን ፕላዝማ፣ የደማችን ፈሳሽ ክፍል፣ በሙሉ 3 ሊትር አካባቢ ከሆነ በቀን ስንት ጊዜ ተጣራ? 60 ጊዜ። ይህን ስታስሉ «መልሶ መምጠጥ» የሚለው ርዕስ ትርጉም ያገኛል። ኔፍሮን፣ የኩላሊት ትንሿ ማጣሪያ፣ ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ቱቦ የያዘው ያጣራውን መልሶ ለመሰብሰብ ነው።

የነርቭ ምልክት ላይ ደግሞ ይህንን ተጠንቀቁ። የሶዲየምና ፖታሺየም ፓምፕ 3 ሶዲየም ያወጣል፣ 2 ፖታሺየም ያስገባል። ብዙዎች ሴሉን ከአክሽን ፖቴንሻል፣ ከነርቩ የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ጫፍ ወደ መነሻው የሚመልሰው ፓምፑ ነው ብለው ይጽፋሉ። አይደለም። የሚመልሰው የፖታሺየም ቻናሎች፣ የሴሉ ግድግዳ ላይ ያሉት መተላለፊያዎች፣ ተከፍተው ፖታሺየም መውጣቱ ነው። ፓምፑ ከጀርባ ሆኖ የሁለቱን ልዩነት ይጠብቃል።

ቀስቶቹን ለሰው አስረዱ። ጓደኛችሁ «ለምን?» እያለ ያቋርጣችሁ። መልስ ያጣችሁበት «ለምን» የነገ ጥናታችሁ ነው። በፈተና ዋዜማ ደግሞ ተኙ።

ለምታስተምሩ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያስተማርኩት ስላይድ እያነበብኩ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ 80 ስላይድ እጨርስ ነበር። ምዕራፉ ያልቅልኝ ነበር፤ ተማሪዎቼ ግን ባዶ እጃቸውን ይወጡ ነበር። ያንን ጊዜ ሳስበው ይቆጨኛል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከማስረዳቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጥላለሁ፤ ከላይ እንዳሉት የደረቱን፣ የሁለቱን ቬንትሪክሎች። ሁሉም ትንበያውን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሳይጽፍ የቀረ አይኖርም፤ የጻፈ ሰው መልሱን ለመስማት ይጓጓል። ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር ይከራከራል። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ዝምታውን አትፍሩት። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። መጀመሪያ ላይ አሥር ሰከንድ በጣም ይረዝማል። ስድስተኛው ላይ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተናግሮ የማያውቅ።

በየሳምንቱ አጭር ፈተና እሰጣለሁ፣ ነጥቡ ትንሽ ነው። ግማሹ ጥያቄ ከድሮ ምዕራፍ ይመጣል። ጡንቻ ላይ የተማሩት ካልሲየም ልብ ላይ ሲመለስ፣ የነርቩ ሶዲየም ኩላሊት ላይ ሲመለስ ትምህርቱ አንድ ሰውነት መሆኑ ይታያቸዋል።

ላብራቶሪ ውስጥ ስም የተለጠፈበትን ሞዴል ብቻ አታሳዩ። ለፈተና የሚቀርበው ናሙና ዘወር ብሎ ይቀመጥ፤ ከኋላ፣ ከጎን። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያየ ተማሪ የሸመደደው ሥዕሉን ነው። የሰው አስከሬን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ለአክብሮት ስጡት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ተማሪዎቼ ፊት አጠገቡ በዝምታ እቆማለሁ፤ ይህ ሰው መምህራችሁ ነው እላቸዋለሁ። ያዞረው ተማሪ ካለ ውጭ ወጥቶ አየር እንዲወስድ አስቀድሜ ፈቅጃለሁ። ማንም አይስቅበትም።

ያ የሁመረስ አጥንት ዛሬ የእኔ ላብራቶሪ ውስጥም አለ። በሴሚስተሩ ሦስተኛ ሳምንት ተማሪዎቹ ተራ በተራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አጥንቱን እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ኳስ የመሰለውን ጫፍ ይፈልጋሉ፤ እሱ ወደ ላይ ይሁንና ወደ ሰውነት መሃል ይዙር። ከዚያ በታችኛው ጫፍ ጥልቁን ጉድጓድ በአውራ ጣት ይፈልጋሉ፤ ክርን ሲዘረጋ የአልና፣ ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች የአንዱ፣ ጫፍ የሚገባበት ነው፤ እሱ ወደ ኋላ ይዙር። ሁለቱ ቦታቸውን ሲይዙ አጥንቱ ከአንዱ ትከሻ ጋር ብቻ ይገጥማል። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ አጥንቱን ገና እንደያዘች ወደ ራሷ ትከሻ አስጠጋችው፤ ዓይኗን ሳትገልጥ «የግራ» አለች።